ገቺዎቹን ማን ያጸናቸዋል? ስለ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከሕሙማን ማኅበሩ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁም፣ ስለ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «በሽታ የመከላከል አቅምን ያሳድጋል» የሚል ነገር ሰምቶ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ማንም የለም። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «ዶክተር፣ አቅሜን የሚያሳድግልኝ ምን ልውሰድ?» ይለኛል። እኔም «ምን ያህል እንዲያድግልዎት ነው የሚፈልጉት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰውን ለማሳፈር ብዬ አይደለም፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው። በሥራዬ ካየኋቸው ከባድ በሽታዎች ብዙዎቹ መከላከያው ደክሞ የመጡ አይደሉም። መከላከያው በርትቶ፣ ብርታቱን የሚገታው ሲጠፋ የመጡ ናቸው። ብርቱ ፈረስ ያለ ልጓም የት እንደሚያደርስ የጋለበ ያውቀዋል።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ መከላከያችንን የሚገቱት ሴሎች እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ እነዚህ ሴሎች ሥራቸውን ሳይረሱ ዕድሜ ልክ እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ይህ ለታመመ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ አንደኛው እንግባ። ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያድጉት ከደረት አጥንት ኋላ ባለች ታይመስ በምትባል አካል ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቲ ሴል ዒላማውን የሚለይበትን የራሱን ተቀባይ ይዞ ይወጣል። ተቀባዩ የሚሠራው የጂን ቁርጥራጮች በዘፈቀደ ተገጣጥመው ስለሆነ፣ አንዱ ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ ይሆናል፣ አንዱ ደግሞ የገዛ ቆሽታችንን። ታይመስ በራስ አካል ላይ የሚነሱትን እየለየች ታጠፋለች። ሁሉንም ግን አታገኛቸውም። ያመለጡት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ይዞራሉ። አሁን፣ እዚህ ተቀምጠን ሳለን፣ በእኔም በእናንተም ደም ውስጥ አሉ።

ታዲያ ለምን አልታመምንም?

የመልሱ ጫፍ የተያዘው ባልተጠበቀ ቦታ ነበር። አይጦች በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ታይመሳቸው ሲወጣ መከላከያቸው ይደክማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የራሳቸውን አካል ማጥቃት ጀመሩ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ይህን ነገር አልተወውም። ከጤነኛ አይጥ የተወሰዱ ቲ ሴሎች ሲሰጧቸው በሽታው እንደሚቀር አየ። እንግዲህ ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን የሚገቱ አሉ ማለት ነው። የትኞቹ ናቸው? እነሱን ለይቶ ለማውጣት ዓመታት ፈጀበት። በ1995 ሲዲ25 የሚባል ፕሮቲን በላያቸው ላይ በብዛት የሚገኝባቸው ሴሎች መሆናቸውን አሳየ። ዛሬ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የምንላቸው እነዚህን ነው። ሳካጉቺ ይህን ሲሠራ «ገቺ ቲ ሴል» የሚለው ሐሳብ በሙያው ውስጥ ተንቆ የተተወበት ጊዜ ነበር። ቀደም ሲል ብዙ ተወርቶለት ማስረጃው ስላልጸና ስሙን ማንሳት እንኳ የሚያስፈራበት ወቅት። ወጣት ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ጥያቄ ላይ መቆየት ምን እንደሚጠይቅ አስቡት።

ሌላው ጫፍ ደግሞ ከአንድ የታመመ አይጥ መጣ። በ1940ዎቹ አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ በኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ስለ ጨረር በሚጠናበት ቦታ ወንዶቹ ብቻ የሚታመሙ የአይጥ ዘር ታየ። ቆዳቸው ስለሚቀረፍ ስከርፊ ተባሉ። እኔ ስከርፊ አይጥን መጀመሪያ ያየሁት በተማሪነቴ ነው። በሥዕል አይቼው ነበር፤ ግን በሥዕል ማየትና ፊት ለፊት ማየት አንድ አይደለም። ከጤነኛ ወንድሙ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ወንድሙ ጎጆውን እየዞረ ያሸታል። እሱ ግን ጀርባውን አጉብጦ፣ ዓይኖቹን በግማሽ ከድኖ ቆሟል፤ መጠኑ ከወንድሙ ግማሽ ቢሆን ነው። ጆሮዎቹ ወፍረው ተኮማትረዋል፣ ጭራው እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ተላላፊ በሽታ አልያዘውም። መርዝ አልነካውም። ያን ሁሉ ያደረገው የገዛ መከላከያው ነው። ወር ሳይሞላው ይሞታል። በኋላ ሲከፈት ጣፊያውና ንፍፊቶቹ እንዴት እንዳበጡ ሳይ፣ ቀሪ ሥራዬ ምን ላይ እንደሚሆን የዚያን ቀን አወቅሁ።

ሜሪ ብራንኮው እና ፍሬድ ራምስዴል የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህን አይጥ ጉድለት ፍለጋ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ወረዱ። ቦታውን ወደ 500,000 የዲኤንኤ ፊደል አጠበቡት። በዚያ ውስጥ 20 የሚጠረጠሩ ጂኖች ነበሩ። አንድ በአንድ መረመሩ፤ ጥፋቱ የተገኘው በመጨረሻው፣ በሃያኛው ላይ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ትርፍ ገብታለች። ሁለት ፊደል! በዚያች ምክንያት ከእሷ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ተዛብቶ ፕሮቲኑ ዲኤንኤን የሚይዝበት ክፍል ሳይሠራ ይቀራል። ጂኑ ፎክስፒ3 ተባለ። በዚያው በ2001 አይፔክስ የሚባለው የሕፃናት ወንዶች ከባድ በሽታ የዚሁ ጂን ጉድለት መሆኑ ተረጋገጠ። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ገና በሕፃንነት የሚጀምር የስኳር በሽታ፣ ኤክዜማ፤ ሦስቱ አንድ ላይ። በ2003 ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ተገናኙ፤ የሳካጉቺን ሴሎች ገቺ የሚያደርጋቸው ይኸው ፎክስፒ3 ነው። ሦስቱም ተመራማሪዎች በ2025 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ አንደኛው ነጥብ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው።

የፎክስፒ3 ጂን ያለው በተቆጣጣሪ ቲ ሴል ውስጥ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። በቆዳችሁ ሴል ውስጥ አለ። በጉበታችሁ ሴል ውስጥ አለ። የገዛ አካላችሁን ሊያጠቃ በሚችለው በዚያ አደገኛ ቲ ሴል ውስጥም አለ፤ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ልዩነቱ መኖሩ ላይ አይደለም። ልዩነቱ መነበቡ ላይ ነው፤ ማለትም ፕሮቲን ሊሠራበት መቻሉ ላይ። አንዱ ጋ ይነበባል፣ ሌላው ጋ ዝም ብሏል። መነበቡ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጀምሮ በራሱ የሚቀጥል ነገር አይደለም። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ገቺነት በየቀኑ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

እንዴት ታወቀ? በ2007 ተመራማሪዎች ሥራውን በአግባቡ ከሚሠራ፣ ካደገ ተቆጣጣሪ ሴል ውስጥ ፎክስፒ3ን ቆርጠው አወጡ። ሴሉ አልሞተም። ግን መግታቱን ተወ፤ ይባስ ብሎ አጥቂዎቹ የሚያመርቷቸውን የብግነት፣ ማለትም አካልን የሚያስቆጡና የሚያሳብጡ፣ ፕሮቲኖች ማምረት ጀመረ። በዚያው ዓመት በሌላ ሙከራ፣ ጤነኛ ሆኖ ካደገ አይጥ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሴሎቹ ብቻ ተለይተው እንዲጠፉ ተደረገ። አይጦቹ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ያደጉ፣ ጠንካራ፣ ምንም ያልነበራቸው አይጦች ናቸው። ያ አደጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብሯቸው ነበር፤ በየቀኑ እየተገታ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጂኑን ማን ያስነብበዋል? ከጂኑ አጠገብ እና በጂኑ ውስጥ ራሱ፣ ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ግን ጂኑ መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚነበብ የሚወስኑ የዲኤንኤ ክፍሎች አሉ። ከአይጥ እስከ ሰው እምብዛም ሳይለወጡ ቆይተዋል። ሲኤንኤስ ተብለው ከዜሮ እስከ ሦስት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በ2010 የአሌክሳንደር ሩደንስኪ ቡድን ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን በየተራ ከአይጥ ዲኤንኤ እየቆረጠ ምን እንደሚጎድል አየ። እኔ ይህን ሥራ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስነብባለሁ፤ ጥያቄውና መልሱ እንዲህ የተገጣጠመበት ሙከራ ብዙ አይገኝም።

ሲኤንኤስ3 ሲወጣ በታይመስ ውስጥ የሚፈጠሩት ተቆጣጣሪዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። እንግዲህ ማስጀመሩ የሱ ሥራ ነው። ሲኤንኤስ1 ሲወጣ የታይመሶቹ ምንም አልሆኑም፤ ግን ከታይመስ ውጭ፣ በተለይ በአንጀት ውስጥ፣ ተራ ቲ ሴል ወደ ተቆጣጣሪነት የሚለወጥበት መንገድ ጠበበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህ ሲኤንኤስ1 የሚገኘው እንግዴ ልጅ ባላቸው አጥቢ እንስሳት ላይ ነው። ለምን? በ2012 እንደታየው ይህ ክፍል የተወሰደባቸው እናት አይጦች የሚያጡት ጽንስ ይበዛል። አስቡት፤ ጽንስ ግማሹ ከአባት ስለሆነ ለእናት መከላከያ ባዕድ ነው። እናት ባዕዱን ተሸክማ እንድትቆይ ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ በአንድ ጂን ውስጥ ያለች ይህች ቁራጭ ናት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

አሁን ሲኤንኤስ2። እሱ ሲወጣ መጀመሪያ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ተቆጣጣሪዎቹ በታይመስ ውስጥ በሚገባ ይፈጠራሉ፣ ፎክስፒ3 ያመርታሉ፣ ይገታሉ። ሴሎቹ መከፋፈል ሲጀምሩ ግን ከልጆቻቸው መካከል ፎክስፒ3ን የሚያጡ ይመጣሉ። በትውልድ ገቺ የነበረው ሴል ሲባዛ ማንነቱን ይረሳል። በ2014 የወጡ ሥራዎች ደግሞ መርሳቱ ብግነት ባለበት ቦታ እንደሚብስ፣ አይጦቹም ዕድሜያቸው ሲገፋ ራሳቸውን ወደ ማጥቃት እንደሚሄዱ አሳዩ። ልብ በሉ! የሚረሱት በጣም በሚፈለጉበት ቦታና ሰዓት ነው። ብግነት ባለበት፣ ብዙ መባዛት በሚያስፈልግበት። ሲኤንኤስ2 የሚያስጀምር አይደለም፤ የሚያጸና ነው።

የሚያጸናው በምንድን ነው? እዚህ ትንሽ ኬሚስትሪ ታገሡኝ። በዲኤንኤ ላይ ሲ የተባለችው ፊደል ጂ ከምትባለው አጠገብ ስትሆን ሜቲል የተባለ ትንሽ የኬሚካል ቡድን ሊጣበቅባት ይችላል። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የበዙበት፣ የጂንን ንባብ የሚወስን የዲኤንኤ ክፍል ሜቲል ሲለብስ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። በተራ ቲ ሴሎች ውስጥ ሲኤንኤስ2 ሜቲል ለብሷል። በእውነተኛ ተቆጣጣሪ ሴሎች ውስጥ ግን ሜቲሉ ወልቋል፣ ባዶ ነው። ባዶ ስለሆነ ጂን የሚያስነብቡት ስታት5 እና ራንክስ1 የተባሉ ፕሮቲኖች፣ ፎክስፒ3 ራሱም፣ መጥተው ይቀመጡበታል። አዎ፣ ፎክስፒ3 የራሱን ጂን እንዲነበብ ያግዛል። ሴሉ ሲከፈል ደግሞ ይህ ባዶነት ለልጆቹ ይተላለፋል። የዲኤንኤው ፊደል አልተለወጠም፤ የተላለፈው የአነባበቡ ሁኔታ ነው።

ሜቲሉን የሚያወልቁት ቴት የሚባሉ ኤንዛይሞች ናቸው። እነዚህ ኤንዛይሞች በቫይታሚን ሲ ይታገዛሉ። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተራ ቲ ሴሎችን ወደ ተቆጣጣሪነት ሲለውጡ ቫይታሚን ሲ ከተጨመረ ሲኤንኤስ2 ይበልጥ ይራቆታል፣ ፎክስፒ3ም ይበልጥ ይጸናል። አሁን ከመካከላችሁ አንድ ሰው ነገ ጠዋት ፋርማሲ እንደሚሄድ ይታየኛል። እባካችሁ! ይህ በሳህን ላይ፣ በተወሰነ ሁኔታ የታየ የኤንዛይም ሥራ ነው። ክኒን የሚውጥ ሰው ከራስ አጥቂ በሽታ ይድናል ማለት አይደለም።

ለምን በሳህን ላይ የተሠሩትን አነሳሁ? ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚያሞኙን እነሱ ናቸው። ተራ ቲ ሴል ወስዳችሁ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለውን ፕሮቲን ብትሰጡት ፎክስፒ3 ማምረት ይጀምራል። በመሣሪያ ስታዩት ተቆጣጣሪ ነው። ሲኤንኤስ2ን ስትመረምሩ ግን ሜቲሉን እንደለበሰ ነው። ያን ማነቃቂያ ስትወስዱበት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ የሰው ተራ ቲ ሴሎች ሲነቃቁ ፎክስፒ3ን ለአጭር ጊዜ ያሳያሉ። ስለዚህ ፎክስፒ3 ታየ ማለት ገቺ ተገኘ ማለት አይደለም። አረጋግጡ ከተባልሁ እኔ የማየው ሲኤንኤስ2ን ነው።

አንድ ተማሪዬ አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ከደም ለጋሽ ተቆጣጣሪ ሴሎችን በጥንቃቄ ለይታ ነበር። ሴሎችን በሚለየው መሣሪያ፣ በሳይቶሜትሩ፣ ላይ ንጹሕ ነበሩ። የሜቲል ምርመራው ግን «ግማሹ ሜቲል ለብሷል» አላት። ገበታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ሁሉም ነጥቦች በሃምሳ በመቶ አካባቢ ተደርድረዋል። «ግማሹ ተራ ሴል ተቀላቅሎብኛል፤ ልጣለው?» አለችኝ። «ለጋሹ ወንድ ነው ሴት?» አልኋት። መዝገቡን አየች። ሴት ናት። ፊቷ ወዲያው በራ። ፎክስፒ3 ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ በእያንዳንዱ ሴሏ አንዱ ዝም ብሏል። ዝም ያለው ኤክስ ላይ ያለው ሲኤንኤስ2 ሜቲሉን አያወልቅም። እንግዲህ በሴት ለጋሽ ግማሽ ማለት ሙሉ ማለት ነው! ሴሎቹ ንጹሕ ነበሩ።

ወደ ስታት5 ልመለስ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ፎክስፒ3 ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የኢንተርሉኪን-2ን ጂን ዝም ማሰኘት ነው። ኢንተርሉኪን-2 ቲ ሴሎች እንዲባዙና እንዲኖሩ የሚያስፈልጋቸው ፕሮቲን ነው። ተቆጣጣሪው ሴል ይህን ለራሱ ማምረት አይችልም። በአንጻሩ ፎክስፒ3 የሲዲ25ን ምርት ያበዛል፤ ሲዲ25 ደግሞ ኢንተርሉኪን-2ን የሚይዘው ተቀባይ ክፍል ነው። ታዲያ ኢንተርሉኪን-2ን ከየት ያገኛል? ከአጥቂዎቹ! አጥቂ ቲ ሴሎች ሲነሱ ያመርቱታል፤ ተቆጣጣሪው በብዙ ተቀባዩ ይስበዋል። የተያዘው ኢንተርሉኪን-2 በሴሉ ውስጥ ስታት5ን ያስነሳል። ስታት5 ሄዶ ሲኤንኤስ2 ላይ ይቀመጣል። ፎክስፒ3 ይነበባል። ፎክስፒ3 እንደገና ሲዲ25ን ያበዛል። አጥቂው በበዛ ቁጥር ገቺው ይጸናል፤ በዚያውም አጥቂው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያጣል። አጥቂው ሲያርፍ ኢንተርሉኪን-2 ይቀንሳል፣ ገቺውም ልክ ይይዛል። ያዘዘው አለቃ የለም። ሁሉም ነገር የተሠራው አንድ ጂን ሌላውን በማስነበብና ዝም በማሰኘት ነው። ይህን እያየ የማይደነቅ ሰው ካለ ምን ልበለው?

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ፎክስፒ3 ብቻውን አይሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠውም ከሱ በፊት በሌሎች ፕሮቲኖች በተከፈቱ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ ነው። ኢዝኤች2 የሚባል ኤንዛይም ዝም ሊሉ የሚገባቸው ጂኖች ዝም እንዳሉ እንዲቆዩ ያግዘዋል። የጂኖችን ምርት የሚቀንሱ ማይክሮአርኤንኤ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችም አሉ፤ በ2008 እነሱን የሚያዘጋጀው ዳይሰር የተባለ ኤንዛይም ከተቆጣጣሪ ሴሎች ብቻ ሲወጣ አይጦቹ ስከርፊን በሚመስል በሽታ ሞቱ። አንዱ መጠባበቂያ ለሌላው የሚተርፍበትም አለ። ሲኤንኤስ0 ብቻውን ወይም ሲኤንኤስ3 ብቻውን ቢወጣ አይጡ ይኖራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወጡ ግን ያ የነገርኋችሁ ጀርባው የጎበጠ አይጥ ይመጣል።

አሁን ሦስተኛው። ለታመመ ሰው ምን ይጠቅማል?

አይፔክስ ብርቅ በሽታ ነው። ግን የሚያስተምረው ለብርቆቹ ብቻ አይደለም። ከዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ተጋላጭነት ጋር የተያያዙት የዘር ልዩነቶች የሚገኙት የት ነው? ከመካከላቸው የሲዲ25 ጂን አካባቢ አለ፤ የሲቲኤልኤ-4 ጂን አካባቢም አለ። ሲቲኤልኤ-4 ተቆጣጣሪ ሴሎች ከሌሎች ሴሎች ላይ የማስነሻ ምልክቶችን ነጥቀው የሚወስዱበት ፕሮቲን ነው። ከሁለቱ የሲቲኤልኤ-4 ቅጂዎች አንዱ የተበላሸባቸው ሰዎች እንዳሉ በ2014 ታወቀ። ሌላኛው ቅጂ ደህና ነው። ግማሹ አለ። ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ በአንጀት፣ በሳንባ፣ በደም ሴሎች ላይ በሚነሳ ጥቃት ይሠቃያሉ። ስለዚህ ጥያቄው አለ ወይስ የለም ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል አለ የሚለውም ነው።

ካንሰር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ዕጢዎች ተቆጣጣሪ ሴሎችን ወደራሳቸው ስበው ይደበቁባቸዋል። እዚያ የሚፈለገው ገቺውን ማላላት ነው፤ ጄምስ አሊሰን በ2018 ኖቤል የተሸለመበት ሥራ ሲቲኤልኤ-4ን በፀረ እንግዳ አካል ማገድ ነበር። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ላይ የአንጀት ብግነት እንደሚመጣ የምታውቁ ሐኪሞች አላችሁ። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

ከወላጆች ጋር ስለሆንሁ ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ልጃቸው አይፔክስ ነበረበት። ውጤቱን የማስረዳት ሥራ የእኔ አልነበረም፤ ሐኪሙ ስለ ጂኑ ጥያቄ ካላቸው ብሎ ጠርቶኝ ነው። እናትየው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከእኔ ነው የወሰደው አላችሁኝ። እሺ። እኔ ታዲያ እንዴት ጤነኛ ሆንሁ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ራሳቸውን እየከሰሱ ነበር። እኔም እንዲህ አልኋቸው፤ «እናቴ፣ እርስዎ ሁለት ኤክስ አለዎት። አንዱ ላይ ፎክስፒ3 ደህና ነው፣ አንዱ ላይ የተበላሸ ነው። በእያንዳንዱ ሴልዎ አንዱ ብቻ ይነበባል። የተበላሸውን የሚያነቡት ተቆጣጣሪ መሆን አይችሉም። ደህናውን የሚያነቡት ይሆናሉ፣ ይባዛሉ፣ ቦታውን ይሞላሉ። መምረጥ የሚባል ነገር በእጅዎ አልነበረም፤ ጥፋትም የለብዎትም።» ይህ ለእሳቸው መጽናኛ ብቻ አልነበረም። ለሕክምናም ቁልፍ ነገር ነው። ሁሉም ሴል መታረም የለበትም ማለት ነው። ደህና የሆኑት በቂ ከሆኑ የተበላሹትን ይገታሉ። በመቅኒ ንቅለ ተከላ የዳኑ ልጆች ላይ የለጋሹ ሴሎች ከፊል ሆነው እንኳ ሲጠቅሙ የታየው ለዚህ ነው።

ንቅለ ተከላ ግን ተስማሚ ለጋሽ ይፈልጋል፣ ከባድም ነው። ስለዚህ ሌሎች መንገዶች በሙከራ ላይ ናቸው። ኢንተርሉኪን-2ን በትንሽ መጠን መስጠት አንዱ ነው፤ በ2011 የወጡ ሥራዎች ብዙ ተቀባይ ያላቸው ተቆጣጣሪዎች ከአጥቂዎቹ ቀድመው እንደሚጠቀሙበት በሕሙማን ላይ አሳይተዋል። የሕመምተኛውን ተቆጣጣሪ ሴሎች ከደም ለይቶ፣ በውጭ አባዝቶ መመለስ ሌላው ነው። እዚህ ላይ ነው ያ ሁሉ የሲኤንኤስ2 ነገር የሚመጣው። በውጭ ሲባዙ፣ ብግነት ወዳለበት ሲመለሱ፣ ማንነታቸውን ቢረሱስ? የራስን አካል ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ ያለው፣ ገቺነቱን የረሳ ሴል ለሕመምተኛ መስጠት ከምንም በላይ የምንፈራው ነገር ነው። ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት መመርመር ግዴታ ነው። ፎክስፒ3 አለ ብቻ ብሎ የሚያሳልፍ ቤተ ሙከራ ካለ፣ እለምናችኋለሁ፣ ሜቲሉንም ይመልከት።

ለአይፔክስ ልጆች ደግሞ ጂኑን ማረም አለ። አንዱ መንገድ የፎክስፒ3ን ደህና ቅጂ በቫይረስ ጭኖ ወደ ተራ ቲ ሴል ማስገባትና ሁልጊዜ እንዲነበብ ማድረግ ነው። ይህ ሲኤንኤስ2 ራቆተ አልራቆተ አይጨነቅም፤ በሰው ላይም እየተሞከረ ነው። ይህንኑ የደም ሴሎች ሁሉ በሚመነጩበት በመቅኒ ግንድ ሴል ውስጥ ብታደርጉት ግን አይሆንም፤ ፎክስፒ3 በማይገባው ሴል ሁሉ ውስጥ ይነበባል። ምን ተደረገ? በ2019 አንድ ቡድን ቅጂውን ንባቡ ከሚጀምርበት ከራሱ ማስነሻ ክፍልና ከሲኤንኤስ1፣ 2 እና 3 ጋር አብሮ ጫነው። በስከርፊ አይጦች ላይ ጂኑ የተነበበው በተገቢው ሴል ውስጥ ነበር፤ በሽታውም ተገታ። በ2020 ደግሞ ሌላ ቡድን ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ በሚቆርጠው መሣሪያ፣ በክሪስፐር፣ ደህናውን ቅጂ በሰው ግንድ ሴል ውስጥ እዚያው ጂኑ በነበረበት ቦታ አስገባው፤ በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ሁሉ እንዳሉ ቀሩ፣ መቼና የት ይነበብ የሚለውን ራሳቸው ይወስናሉ። የእኔ ድምፅ ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ፕሮቲኑን ብቻ ሳይሆን ቁጥጥሩንም ለልጁ የሚመልስለት እሱ ነውና።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከወላጆች ጥያቄ እንጀምር፤ ከዚያ ተማሪዎች ትቀጥላላችሁ።